እኔ ደንበኛሽ አይደለሁም

የዛሬዋ ጠያቂያችን በአንድ ድርጅት የደንበኞች አገልግሎት ክፍል ውስጥ ስልክ እየመለሰች አምስት ዓመት የሠራች የ29 ዓመት ወጣት ናት። ደብዳቤዋ ረዘም ያለ በመሆኑ ዋና ዋናውን ብቻ በራሷ ቃል አቀርበዋለሁ።

«የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ እንደምን ሰነበቱ? በቀን ከሰባ ያላነሰ ጥሪ አስተናግዳለሁ። በድርጅታችን ሌላ ክፍል ውስጥ ክፍት የሥራ ቦታ ወጥቶ ለመወዳደር አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ማመልከቻውን ለመጻፍ ስቀመጥ ስለ አምስቱ ዓመታት የምጽፈው ጠፋኝ። አንድ ባልደረባዬ ‹ስልክ ማንሳት ደግሞ ምን ልምድ አለው?› ብሎ ሲስቅብኝ፣ እውነቱን ነው ብዬ ዝም አልኩ። ሁለተኛው ጭንቀቴ ከዚህ ይብሳል። ባለቤቴ የአባቱን የምርመራ ውጤት ከክሊኒክ ተቀብዬ እንድመጣ ሁለት ጊዜ ነግሮኝ ሁለቱንም ጊዜ ረሳሁት። በሁለተኛው ቀን ማታ በጣም ተቆጣ። እኔ ግን አልተቆጣሁም፣ አላፈርኩም፣ ምንም አልተሰማኝም፤ ድምፄን አለስልሼ ‹ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን› አልኩት። ሆን ብዬ አልነበረም፤ አምልጦኝ ነው። እሱም ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ ሲያየኝ ቆየና ‹እኔ ደንበኛሽ አይደለሁም› ብሎኝ ወደ መኝታ ቤት ገባ። ይኸው ሳምንት ሆነን፤ ውጤቱም እስካሁን እዚያው ክሊኒክ ነው። ይህ ሥራ አንድ ነገር አስተምሮኛል ወይስ የነበረኝንም ወስዶብኛል?»

ውድ እህቴ፣

በዕድሜ ስለምበልጥሽ «አንቺ» እያልኩ ስጽፍልሽ እንደ ድፍረት አትቁጠሪብኝ። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ በሦስተኛው ላይ ዓይኔ ከአንዲት ቃል አልፎ መሄድ አቃተው። ያልሽው «እንጠይቃለን» ነው። በዚያች ሌሊት ቤት ውስጥ የነበራችሁት አንቺና ባለቤትሽ ብቻ ናችሁ፤ የረሳሽውም አንቺ ብቻ ነሽ፤ ይቅርታውን የጠየቀው ግን ግድግዳው ውስጥ የተደበቀ አንድ ድርጅት ነው። ባለቤትሽን ያስከፋው ውጤቱ አለመምጣቱ ብቻ አይመስለኝም፤ ሚስቱን ለማናገር ደውሎ የጥሪ ማዕከል እንዳነሳበት ሰው ሆኖ መቅረቱም ጭምር ነው። ሁለቱ ጥያቄዎችሽ ለየብቻ ቢመስሉም በዚህች ቃል ላይ ይገናኛሉ፤ ስለዚህ ወደ እሷ እየተመላለስኩ ብጽፍልሽ ታገሺኝ።

እኔም ይህንን ዓምድ ከመያዜ በፊት ዘጠኝ ዓመት በመስኮት፣ ሁለት ዓመት ደግሞ በስልክ ደንበኛ አስተናግጃለሁ። ስለዚህ የምነግርሽ ከዳር ሆኜ ያየሁትን አይደለም።

ስለሳቀብሽ ባልደረባሽ ብዙ ቀለም አልጨርስም። ለእሱ አንድ ታሪክ ይበቃዋል። ስልክ ገና እንደተጀመረ በአሜሪካ መስመር እንዲያገናኙ የተቀጠሩት በቴሌግራፍ ቤቶች መልእክት ያመላልሱ የነበሩ ጎረምሶች ነበሩ። ገመዱን ከቀዳዳው መሰካት አላቃታቸውም፤ ያቃታቸው ከደዋዩ ጋር በደግ ቃል መነጋገር ነበር፤ ይቀልዱበታል፣ ይመናጨቁታል፣ አንዳንዴም ይሰድቡታል። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1878 በቦስተን ከተማ ኤማ ነት የተባለች ሴት በዚያ ሥራ ተቀጠረች፤ የመጀመሪያዋ ሴት የስልክ ኦፕሬተር ተብላ የምትታወቀው እሷ ናት። ደንበኞች የእሷንና የተከታዮቿን አነጋገር ስለወደዱት ሥራው ብዙም ሳይቆይ ወደ ሴቶች እጅ ዞረ። ለሴቶች ይከፈል የነበረው ደመወዝ አነስተኛ መሆኑም ለዚህ ምክንያት እንደነበር አልደብቅሽም፤ ባልደረባሽ ሥራሽን የሚንቅበት ልማድ ሥሩ ከዚያው የሚመዘዝ ይመስለኛል። የሆነው ሆኖ፣ ጎረምሶቹ መሣሪያውን እያወቁት ከሥራው የተሰናበቱት የጎደላቸው ነገር ራሱ ሙያ ስለነበረ ነው።

ያ ሙያ አንቺ ዘንድ አለ፤ ነገር ግን ስለለመድሽው አይታይሽም። አንድ ደንበኛ ደውሎ «ሒሳቤ ላይ ለምን ትርፍ ገንዘብ ተቆረጠ?» ሲልሽ፣ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ሰውየው የሚጠይቀው ስለ ገንዘቡ ይሁን ወይም «እያታለላችሁኝ ነው?» እያለ ይሁን ትለያለሽ። የመጀመሪያው ደንበኛ ቁጥሩን ስታነቢለት ይረካል። ሁለተኛው ግን ቁጥሩን ባነበብሽለት መጠን ይብስበታል፤ እሱ የሚፈልገው የተቆረጠበትን ደረጃ በደረጃ እንድታሳዪውና ስሕተት ካለ ስሕተት ነው እንድትይው ነው። አዲስ የገቡ ሠራተኞች ይህንን ልዩነት ለመስማት ወራት ይፈጅባቸዋል፤ አንዳንዶቻችንማ ዓመታት ፈጅቶብናል። ሰው ከሚናገረው ዓረፍተ ነገር ሥር ያለውን ጥያቄ መስማት በየትኛውም ቢሮ፣ በየትኛውም ቤት የሚያስፈልግ ዕውቀት ነው፤ በማመልከቻሽ ላይ ስለሚሰፍረው ነገር ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ከባዱ ትምህርት ልግባ። በዚህ ሥራ የቆየ ሰው ሁሉ የሚማረው አንድ ነገር አለ፤ የደንበኛው ቁጣ ለአንቺ የተላከ አለመሆኑን። ቁጣው የተላከው ለወንበሩ ነው፤ ዛሬ በወንበሩ ላይ የተገኘሽው አንቺ ስለሆንሽ ደረሰሽ እንጂ ጓደኛሽ ብትቀመጥም ይደርሳት ነበር። ይህንን የተማርኩት ከአለቆቼ ምክር ሳይሆን፣ ብትስቂብኝም፣ ከሒሳብ ነው። አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ የተባለ ዴንማርካዊ የሒሳብ ሊቅ ለኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ ይሠራ በነበረበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1909፣ ስለ ስልክ ጥሪዎች ያሳተመው ስሌት ዛሬ የወረፋ ሒሳብ ለሚባለው ዘርፍ መነሻ ሆኗል፤ የጥሪ ማዕከሎች በየፈረቃው ስንት ሠራተኛ እንደሚያስፈልጋቸው የሚያሰሉት እስካሁን ከእሱ በወረሱት ቀመር ነው። በጣም ቀላሉን ምሳሌ እንውሰድ። አንዲት አስተናጋጅ ብቻ ያለችበት መስኮት አለ፤ ደንበኞች ሳይቀጣጠሩ ይመጣሉ፤ የአንዱ ጉዳይ ቶሎ ያልቃል፣ የሌላው ይጎተታል፣ በአማካይ ግን 5 ደቂቃ ይፈጃል። አስተናጋጇ ከሥራ ጊዜዋ 80 በመቶው በደንበኛ የተያዘ ከሆነ፣ አንድ ደንበኛ ተራው እስኪደርስ በአማካይ 20 ደቂቃ ይጠብቃል። ወደ 90 በመቶ ከፍ ካለ ጥበቃው 45 ደቂቃ ይሆናል፤ 95 በመቶ ሲደርስ ደግሞ 95 ደቂቃ። ሥራው በጥቂቱ ሲጨምር ወረፋው በእጥፍ ይረዝማል ማለት ነው። አንዱን ሠራተኛ ቀንሶ ወጪ የቆጠበው ሰው ከመስኮቱ ጀርባ የለም፤ ያን ሁሉ ጊዜ ቆሞ የመጣው ደንበኛ የሚያገኘው አንቺን ነው። ይህንን ስሌት ያወቅሁ ዕለት፣ ያ ሁሉ የተሰደብኩት ስድብ በግማሽ የቀለለልኝ ያህል ተሰማኝ።

«ደንበኛ ንጉሥ ነው» የሚለውን አባባል ስለማልወደው በዚሁ አጋጣሚ ልጥቀሰው። ደንበኛ ንጉሥ ከሆነ አስተናጋጇ ምን ልትሆን ነው? እኔ ካስተናገድኳቸው ሰዎች መካከል ንጉሥ ሆኖ ለመታየት የመጣው ጥቂት ነው፤ የሚበዛው ጉዳዩን ጨርሶ ወደ ቤቱ ለመሄድ የቸኮለ፣ የደከመው ሰው ነው። ንጉሥነቱን ትቶ ሰውነቱን ብናይለት ለእሱም ለእኛም ይሻል ነበር።

ይሁንና ቁጣው ለወንበሩ ነው የሚለው ትምህርት ግማሽ እውነት ነው፤ ግማሽ መሆኑን ያስተማሩኝ አንድ አዛውንት ናቸው። በአንድ ወረቀት ላይ ስማቸው ሲጻፍ አንዲት ፊደል ተሳስታለች፤ ያቺን ለማስተካከል ሲመላለሱ ያ ቀን አራተኛቸው ነበር። ወረቀቱን በመስታወቱ ሥር ገፍተው አስገቡና ጣታቸውን ከፊደሏ ላይ አሳረፉ፤ ጥፍራቸው ወረቀቱን ሊቀደው ደርሶ ነበር። እየጮኹ ነው፤ ከኋላቸው የተሰለፈውም ሰው ማጉረምረም ጀምሯል። እኔ የሠለጠንኩትን አደረግሁ። ድምፄን ዝቅ አደረግሁ፣ በማዕረግ ጠራኋቸው፣ «ስሜትዎን እረዳለሁ፤ ስለተፈጠረው ነገር ይቅርታ እንጠይቃለን» አልኳቸው። ያኔ ጩኸታቸውን ድንገት አቁመው፣ በደከመ ድምፅ «ልጄ፣ ትሕትናሽን አልፈለግሁም፤ ፊደሏን አስተካክይልኝ» አሉኝ።

ተነስቼ ወደ መዝገብ ክፍል ሄድኩ። በዚያ መሥሪያ ቤት አስተናጋጅ ከወንበሯ መነሳት አልተፈቀደላትም ነበር፤ ደንቡ ቅጽ ሞልተን ወደ ውስጥ እንድንልክና ደንበኛውን «በሦስት ቀን ተመለስ» እንድንል ነው፤ እሳቸው ሦስት ጊዜ የተመለሱትም በዚሁ ደንብ ነው። ዋናውን መዝገብ ከመደርደሪያ አውርጄ ፊደሏን ከኃላፊው ጋር አስተካክለን፣ አዲሱን ወረቀት አሳትሜ ስመለስ ሩብ ሰዓት አልሞላም። ወረፋው ረዝሞ ነበር፤ አለቃዬም ገሥጾኛል። አዛውንቱ አላመሰገኑኝም፤ ወረቀቱን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው ፊደሏን አዩና አጥፈው በደረት ኪሳቸው ከተው ሄዱ። በዚያ ቀን የገባኝ ነገር ቢኖር፣ ረጋ ማለት መንገድ መጥረጊያ እንጂ መንገዱ አለመሆኑን ነው። ድምፄን ዝቅ ማድረጌ ቁጣቸውን አብርዶ ለመነጋገር ጠቅሞ ሊሆን ይችላል፤ ከወንበሬ ባልነሳ ግን ያ የለሰለሰ ድምፅ ከስድብ ባልተለየ ነበር።

እንግዲህ ባለቤትሽን ከእኚህ አዛውንት አጠገብ አቁሚው። ሁለት ጊዜ ጠይቋል፤ ሁለት ጊዜ ባዶ እጁን ቀርቷል፤ ሲቆጣ የተሰጠው ትሕትና ነው። ከአዛውንቱ የሚለየው አንድ ነገር ቢኖር የእሱ ቁጣ ለወንበር የተላከ አለመሆኑ ነው። ለአንቺ ነው የተላከው፤ በስምሽ። ሥራ ቦታ ያዳነሽ ትምህርት፣ ወደ ቤትሽ ስትገቢ የሚበድልሽ በዚህ ምክንያት ነው፤ ለማያውቅሽ ሰው ቁጣ ያበጀሽውን ጋሻ፣ ስለሚያውቅሽ ብቻ ለሚቆጣ ሰው ዘረጋሽበት።

ይህ በአንቺ የተጀመረ ነገር እንዳይመስልሽ። አርሊ ሆክሺልድ የተባለች አሜሪካዊት የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር የአውሮፕላን አስተናጋጆችንና ዕዳ ሰብሳቢዎችን አጥንታ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመችው ሥራዋ፣ ለደመወዝ ሲባል የራስን ስሜት መግራትና የሌለን ስሜት ማሳየት እንደ ማንኛውም ጉልበት የሚሸጥ ጉልበት መሆኑን አስረድታለች። አስተናጋጇ ባይሰማትም ፈገግ እንድትል፣ ዕዳ ሰብሳቢው ደግሞ ባይሰማውም እንዲኮሳተር ይከፈለዋል። ሆክሺልድ ሁለት ዓይነት መንገድ ለይታለች፤ አንደኛው ፊትንና ድምፅን ብቻ አስተካክሎ ውስጥን እንዳለ መተው ሲሆን፣ ሁለተኛው የሌላውን ሰው ሁኔታ በልብ አስቦ ስሜቱን ከውስጥ ለማምጣት መሞከር ነው። ከእሷ በኋላ የተደረጉ ብዙ ጥናቶች የመጀመሪያው መንገድ ከድካምና ከመሰልቸት ጋር የተያያዘ ሆኖ አግኝተውታል። ሁለተኛውም ቢሆን ከዋጋ ነፃ አይደለም፤ ሰው የራሱን ስሜት ዘወትር ለሥራ ሲያከራይ ቆይቶ የትኛው የራሱ፣ የትኛው የአሠሪው እንደሆነ መለየት ሊያቅተው እንደሚችል ያስጠነቀቀችው እሷው ናት። አንቺ «ምንም አልተሰማኝም» ስትይ ይህንን ነው የጻፍሽልኝ።

ስለዚህ «ምንም አልተሰማኝም» ያልሽውን አቅልዬ ላልፈው አልችልም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀውና ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች ዓለም አቀፍ ምደባ ውስጥ በሥራ መዛል የራሱ ቦታ አለው። ድርጅቱ እንደ በሽታ አይቆጥረውም፤ በአግባቡ ካልተያዘ የሥራ ውጥረት የሚመጣ፣ ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ነው ይላል፤ ምልክቶቹም ሦስት ናቸው፤ የጉልበት መሟጠጥ፣ ከሥራው በልብ መራቅ ወይም ሥራውን መጥላት፣ የሥራ ብቃት ማነስ። የአንቺ ሁኔታ በዚህ ክልል ውስጥ መሆን አለመሆኑን እኔ ከደብዳቤ ልፈርድ አልችልም። እንቅልፍ ከነሳሽ፣ ቀድሞ ያስደስትሽ የነበረው ነገር ሁሉ ጣዕም ካጣብሽ፣ ይህም ሳምንታትን ካስቆጠረ ግን ይህንን ዓምድ ትተሽ የጤና ባለሙያ አማክሪ። ያ ካልሆነ የሚከተለውን ሞክሪ።

ቅድም የነገርኩሽ የወረፋ ስሌት ለሰው ቀንም ይሠራል። ቀንሽን 95 በመቶ ከሞላሽው፣ ከእቅድ ውጪ የመጣች አንዲት ትንሽ ጉዳይ ሁሉን ነገር ወደ ኋላ ትገፋዋለች። የክሊኒኩን ጉዳይ የረሳሽው ባልሽን ስለናቅሽ አይመስለኝም፤ እሱ ሲነግርሽ ጉዳዩ የገባው በወረፋው መጨረሻ ነበር፤ ወረፋሽ ደግሞ በዚያ ቀን አላለቀም። ይህንን ለሰበብ እንድትጠቀሚበት አልፈቅድልሽም፤ ምክንያትን ማወቅና ምክንያት መደርደር የተለያዩ ናቸው። ከመጨረሻው ጥሪ አንስቶ ቤትሽ በር እስክትደርሺ ድረስ ግን ማንም የማይገባበት ጊዜ አበጂ። እኔ የጆሮ ማዳመጫውን ካስቀመጥኩ በኋላ ቀጥታ ወደ ቤት አልሄድም ነበር፤ ሩብ ሰዓት ያህል በእግሬ እሄዳለሁ፤ በዚያ መካከል ማንም እንዲያነጋግረኝ አልፈልግም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በጆሮዬ ውስጥ «እባክዎ በመስመሩ ላይ ይጠብቁ» የሚለው የራሴ ድምፅ ይጮኽብኝ ነበር፤ እየቆየ ሲሄድ የዛፎቹን ድምፅ መስማት ጀመርኩ። ለሰባ ሰው ያለሰለስሽውን ድምፅ ሳታሳርፊ ቤትሽ ከገባሽ፣ ሰባ አንደኛው ደንበኛሽ የሚሆነው በሩን የሚከፍትልሽ ሰው ነው።

ሌላም ልናዘዝልሽ የሚገባኝ ጥፋት አለኝ፤ የስልክ ሥራ ላይ ሳለሁ የሠራሁት ነው። ለአንድ ጥሪ የተሰጠን አማካይ ጊዜ ነበር፤ ካለፈ ስማችን በሰሌዳው ላይ በቀይ ይወጣል። አንድ ደንበኛ ዕቃው እንደዘገየበት ደወለ። የት እንደደረሰ አላውቅም፤ ለማወቅ ደግሞ ሁለት ክፍሎችን ማነጋገር አለብኝ። ሰዓቱን አየሁና «ነገ ይደርስልዎታል» አልኩት። አመሰገነኝ፤ ጥሪው በጊዜው አለቀ፤ ስሜም ቀይ አልሆነም። በሦስተኛው ቀን ሲደውል ያነሳችለት አጠገቤ የምትቀመጥ ልጅ ነበረች፤ በማስታወሻው ላይ «ነገ እንደሚደርስ ተነግሮታል» የሚለውን ከነስሜ አነበበች፤ ከዚያም ቀና ብላ አየችኝ። ሰውየው ለሃያ ደቂቃ የጮኸባት ለእኔ የሚገባውን ነበር። ካፍ የወጣ አፋፍ ይባል የለ? ከዚያ በኋላ የሌላ ሰው እጅ ያለበትን ውጤት ቃል ገብቼ አላውቅም። «ይደርስልዎታል» ማለቱን ትቼ «ነገ ከአራት ሰዓት በፊት እኔ ራሴ እደውልልዎታለሁ፤ ያለበትን ሁኔታ እነግርዎታለሁ» ማለት ጀመርኩ፤ መደወል በእጄ ያለ ነገር ነውና። ዜናው መጥፎ ቢሆንም እደውላለሁ። ደንበኞች መጥፎ ዜና ይዞ በሰዓቱ ለሚደውል ሰው የሚያሳዩት ክብር እስካሁን ይደንቀኛል።

ይህንን የነገርኩሽ ቃልን ወደ ራስ እጅ ማምጣት «እንጠይቃለን»ን ወደ «እጠይቃለሁ» ከማምጣት ጋር አንድ ስለሆነ ነው። ደንበኛ ፊት ድርጅቱን ወክለሽ «እኛ» ማለትሽ ትክክል ነው፤ የሌሎችን ጥፋት የራስሽ አስመስለሽ ተሸክመሽ መዋል የለብሽም፤ «እኛ» የሚለው ቃል ያንን ሸክም ያቀልልሻል። ቤት ውስጥ ግን ይኸው ቃል ጥፋትሽን ወስዶ ማንም የማያገኘው ቦታ ይደብቀዋል። ሙያሽን አትጣዪው፤ ከሙያው ውስጥ የትኛው ከበር እንደሚመለስና የትኛው እንደሚገባ ግን ለዪ። ከዓረፍተ ነገር ሥር ያለውን ጥያቄ መስማትሽ ይግባ። በእጅሽ ያለውን ብቻ ቃል መግባትሽ ይግባ። ቁጣ ሲመጣ አለመደንገጥሽም ይግባ፤ ግን ሳትደነግጪ አድምጠሽ ስትጨርሺ፣ ቀጥሎ የሚናገረው የራስሽ ድምፅ ይሁን፤ ቢንቀጠቀጥም፣ ቢሻክርም። ከባልሽ ጋር ስትነጋገሪ ድምፅሽ እንደ ሥራ ቦታው ከለሰለሰ ራስሽን ጠርጥሪ።

ለማመልከቻው እንዲህ አድርጊ። «ጥሩ የመግባባት ችሎታ አለኝ» ብለሽ አትጻፊ፤ ሁሉም ይጽፈዋል፤ አንባቢው ዓይኑ ሳያርፍበት ያልፈዋል። በአምስቱ ዓመታት ካስተናገድሻቸው ጉዳዮች መካከል ሦስቱን ምረጪ። አንዱ ደንበኛው የተናገረውና የፈለገው የተለያየበት፣ አንዱ በተደጋጋሚ የሚመጣ ቅሬታን መነሻ ያወቅሽበት፣ አንዱ ደግሞ ራስሽ አጥፍተሽ ያረምሽበት ይሁን። በተለይ ሁለተኛው ላይ አተኩሪ፤ የአንድ ድርጅት በሽታ ቀድሞ የሚሰማው በስልክ መላሿ ጆሮ ነው። በየወሩ መጨረሻ ተመሳሳይ ጥያቄ ይዘው የሚደውሉ ሰዎች ከበዙ፣ ከሚላክላቸው ደብዳቤ ውስጥ የትኛዋ ዓረፍተ ነገር እንዳሳሳተቻቸው የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ ደብዳቤውን የጻፈው ክፍል ገና አልሰማም። የምትወዳደሪበት ክፍል የትኛው እንደሆነ ባትገልጪልኝም ይህ ዕውቀት የማይጠቅመው ክፍል አላውቅም። የደንበኞቹን ስምና የግል ጉዳይ ግን እንዳትጠቅሺ አደራ፤ ምስጢር መጠበቅሽ ራሱ ስለ አንቺ ይናገራል። ቦታውን ባታገኚውም ሦስቱን ጉዳዮች ጽፈሽ ስትጨርሺ አምስቱ ዓመታት ባዶ እንዳልነበሩ በራስሽ እጅ ጽሑፍ ታነቢዋለሽ።

ከባለቤትሽ ጋር ስለሚደረገው ንግግር ረጅም ቃል አላዘጋጅልሽም፤ ሌላ የተዘጋጀ ቃል ሰጥቼሽ በዚያው በሽታ ላክምሽ አልሻም። ሁለት ነገር ብቻ እንዳይቀር፤ «ረሳሁት» የሚለውና «እኔ» የሚለው። የጥሪ ማዕከሏ ድምፅ ለምን እንዳመለጠሽም ንገሪው፤ ቀኑን ሙሉ ምን ስትሰሚ እንደምትውዪ የሚያውቅ አይመስለኝምና።

ንግግሩ ግን ይቆይ። በደብዳቤሽ ግርጌ በዚህ ሳምንት ፈረቃሽ ከሰዓት በኋላ መሆኑን ጽፈሽልኛል። ክሊኒኩ ጠዋት ክፍት ከሆነ ነገ ሥራ ከመግባትሽ በፊት ሂጂ፤ ሲያስረክቡሽ የአባቱ ስም በትክክል መጻፉን እዚያው መስኮቱ ፊት ቆመሽ ፊደል በፊደል እይው። ስሕተት ካለበት እስኪስተካከል ድረስ ከዚያ አትነሺ፤ መስኮቱ ጀርባ ያለችዋን ልጅ ግን አትቆጫት።